ላይብረሪ ከነጓዙ፤ ከሊማ እስከ ሰቆጣ

ዝናብ ዘግይቶ በሚገባበትና ቀድሞ በሚወጣበት በዋግ ምድር፣ ይህ የማሽላ ዘር ከዚያኛው ይሻላልን፣ ውሃ እንዲያቁር ተደርጎ የታረሰው ማሳ እንዲሁ ከታረሰው ይልቅ ምን ያህል ይሰጣል ብሎ የሚመራመር ሰው፣ ጥያቄውን ለመሬት አቅርቦ ክረምቱን ሙሉ ሲጠብቅ ከሰነበተ በኋላ የሚያገኘው መልስ በነዶና በቁና ተሰፍሮ የሚቀር አይደለም፤ ተመዝኖና ተጽፎ፣ ከማሳ ወደ መዝገብ፣ ከመዝገብም ወደ ኮምፒውተር ተሸጋግሮ የቁጥር ዐምድ ይሆናል። የአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት አካል የሆነውና በደረቅ ምድር እርሻ ላይ የሚሠራው የሰቆጣ ግብርና ምርምር ማዕከል፣ በአይብራና በሌሎችም የሙከራ ቦታዎች የሚደክምለት ሥራ ፍጻሜው ይኸው ነው። ቁጥሩ ግን ብቻውን አይናገርም። የዋግ መሬት ተረተሩና ሜዳው፣ ጭንጫውና ደለሉ በአንድ ማሳ ውስጥ እንኳ ስለሚቀላቀል፣ ከታች በኩል የተዘራው ዘር ብዙ ቢሰጥ ምስጋናው የዘሩ ይሁን ወይስ ከላይ ታጥቦ የወረደለት አፈር ይሁን፣ በዓይን አይቶ መፍረድ አይቻልም።

ለዚህ ዓይነቱ ግራ መጋባት መፍትሔ ያበጁት እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሲሠሩ፣ ማሳውን እንደ አፈሩ ጠባይ በክፍል በክፍል መለየትን፣ በየክፍሉም ውስጥ እያንዳንዱን ዘር በዕጣ መደልደልን፣ በመጨረሻም የታየው ልዩነት ከአጋጣሚ የሚበልጥ መሆን አለመሆኑን በስሌት መመርመርን አስተማሩ። ስሌቱ በወረቀትና በእርሳስ ሊሠራ ይችላል፤ የቀደሙት ሁሉ የሠሩት እንዲያ ነው። ነገር ግን 12 ዘር በ4 ድግግሞሽ በ5 ቦታ የተዘራ እንደ ሆነ 240 ቁጥር ተሸክሞ የሚቀመጥ ሰው መሽቶ ይነጋበታልና፣ ዛሬ ድካሙ ለኮምፒውተር ተላልፏል፤ በኢትዮጵያ የግብርና ተመራማሪዎች ጽሑፎች ውስጥም ስሌቱ የተሠራው አር በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው የሚል ቃል እየተደጋገመ ይነበባል።

ይህ ሐተታ በዚያ ቋንቋ ውስጥ የምታገለግል አንዲት ላይብረሪ እንዴት እንደምትጫንና ስትጫን ማንን ማንን አስከትላ እንደምትመጣ ይናገራል። ነገሩ የባለሙያ ብቻ የሆነ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ በባንክ፣ በጤና ጣቢያ፣ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ያለው ኮምፒውተር ሁሉ የቆመው በዚሁ ሥርዓት ስለሆነ፣ ሥርዓቱን ጥቂት ማወቅ ለማንም አይከፋም።

ላይብረሪ ማለት አንድ ጊዜ በጥንቃቄ የተጻፈና የተፈተነ፣ ሌላው ሰው እንደገና ሳይደክምበት ስሙን ጠርቶ የሚገለገልበት የትእዛዝ ጉባኤ ነው። ኀሳቡ ከኮምፒውተር ዕድሜ ጋር የሚስተካከል ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሥራ የጀመረውን ኤድሳክ የተባለውን ኮምፒውተር ያንቀሳቅሱ የነበሩት ሞሪስ ዊልክስ፣ ዴቪድ ዊለርና ስታንሊ ጊል፣ ዘወትር የሚያስፈልጉትን ስሌቶች በተበሳ የወረቀት ጥቅል ላይ እያስጻፉ በሣጥን ውስጥ ያኖሩ ነበር፤ ፈላጊውም ጥቅሉን አውጥቶ ወደ ራሱ ሥራ ይገለብጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1951 ስለዚሁ አሠራር መጽሐፍ አሳተሙ። ሣጥኑ በአንድ ክፍል ውስጥ እያለ ችግር አልነበረም፤ ችግሩ የመጣው ሣጥኑ ዓለምን ባከለ ጊዜ ነው።

የአር ቋንቋ እንዲህ ያለ ዓለም ያከለ ሣጥን አለው። ቋንቋውን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኒው ዚላንድ በኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን ናቸው፤ ከ1997 ጀምሮ ደግሞ በቪየና የነበሩት ኩርት ሆርኒክና ፍሪድሪኽ ላይሽ፣ ክራን የተባለውንና ከልዩ ልዩ አገር የሚመጡ ላይብረሪዎች የሚከማቹበትን የጋራ ግምጃ ቤት አቋቋሙ። ዛሬ በክራን ያለው የላይብረሪ፣ በዚያ አጠራር የፓኬጅ፣ ብዛት ከ20,000 በላይ ነው፤ ቅጂውም በብዙ አገር ባሉ ሰርቨሮች ላይ ስለሚቀመጥ ፈላጊ በሚቀርበው በኩል ይወስዳል። ክፍያ የለውም፤ ደጅ መጥናትም የለበትም።

ከእነዚህ መካከል ለግብርና ሰው እጅግ የምትጠቅመው አግሪኮላይ የተባለችው ናት። የደረሷት በሊማ ከተማ በላ ሞሊና የግብርና ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ፔሩያዊው ፌሊፔ ዴ ሜንዲቡሩ ሲሆኑ፣ መነሻዋ በዚያው በሊማ በሚገኘው ብሔራዊ የምህንድስና ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ዲግሪ ያቀረቡት የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። ለምሳሌ ያስገቧቸው የሙከራ ቁጥሮችም በከፊል የተገኙት መቀመጫው በሊማ ከሆነው ከዓለም አቀፉ የድንች ምርምር ማዕከል ነው። እንግዲህ በአንዲስ ተራሮች ለበቀለ ድንች የታሰበ ጥበብ፣ በዋግ ተራራ ለበቀለ ማሽላ ሳይለወጥ ያገለግላል፤ አግሪኮላይ ለሙከራው ማሳ ዕጣ ትጥላለች፣ ከስሌቱ በኋላ የትኛው ዘር ከየትኛው እንደሚለይ በቱኪ፣ በዳንከን ወይም በሌላ መለኪያ ትፈርዳለች፣ አንዱ ዘር በአንዱ ቦታ ሲበልጥ በሌላው ሲያንስም የሁለቱን መስተጋብር ለይታ ታሳያለች። ቆላና ደጋው በአጭር መንገድ በሚገናኙበት እንደ ዋግ ባለ አገር ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል፤ በተከዜ በኩል ባለው ቆላ የተመሰገነ ዘር በጋዝጊብላ ደጋ ሊዋረድ ይችላልና።

አግሪኮላይ ግን ብቻዋን አትቆምም። ደራሲዋ ሌሎች አስቀድመው የሠሩትን እንደገና ለመሥራት ስላልፈለጉ፣ ማስ፣ ኤንኤልኤምኢ፣ ክላስተርና አልግዲዛይን በተባሉት ላይ ተደገፉ። ማስ የአውስትራሊያዊው የቢል ቬነብልስና በኦክስፎርድ ያስተማሩት የብራያን ሪፕሊ ሥራ ነው፤ ኤንኤልኤምኢ የሆሴ ፒኔሮና የዳግላስ ቤትስ፤ ክላስተር ከቤልጂጋዊው ከፒተር ሩሰው መጽሐፍ ተነሥቶ በዙሪክ በማርቲን ሜክለር የሚጠበቅ፤ አልግዲዛይን ደግሞ የቦብ ዊለር ድርሰት። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ኤንኤልኤምኢ በበኩሉ ላቲስ የተባለውን፣ የሕንዳዊውን የዲፓያን ሳርካርን የሥዕል ላይብረሪ ይፈልጋል። ባለሙያዎች ይህን ተከታይ ሁሉ ዲፔንደንሲ ይሉታል፤ ጓዝ ብንለው አያሳስትም። ቤተ ክርስቲያን ለሚስም ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ መጽሐፈ ቅዳሴው በመንበሩ ላይ ቢኖርም፣ ዜማው የተዋጣለት ቄስ ቢገኝም፣ ሁለቱ ቀሳውስትና ሦስቱ ዲያቆናት ካልተሟሉ ቅዳሴ አይገባም፤ የጎደለው አንድ ትንሽ ዲያቆን ቢሆንም እንኳ የዚያ ዕለት አገልግሎት ይታጎላል።

ትእዛዙ አጭር ነው፤ ኢንስቶል ፓኬጅስ ብሎ የላይብረሪዋን ስም በቅንፍና በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ መጻፍ ብቻ። ከዚያች አንዲት መስመር በኋላ ግን ኮምፒውተሩ ብዙ ይደክማል። አስቀድሞ የክራንን መዝገብ ያነባል፤ እያንዳንዱ ፓኬጅ ደራሲው የሚያስፈልገውን ሁሉና የሚበቃውን ዝቅተኛ እትም የገለጸበት ዲስክሪፕሽን የተባለ ፋይል ስላለው፣ አግሪኮላይ የጠራቻቸውን ይመዘግባል፣ እነርሱ የጠሯቸውንም፣ የተጠሩት የጠሯቸውንም እያለ አዲስ ስም እስከማይገኝ ድረስ ይወርዳል። በዚያ ሰነድ ውስጥ ግዴታ የሆነና ቢኖር የሚወደድ ተለይቶ ይጻፋል፤ ግዴታው ሳይጠየቅ ይመጣል፣ የሚወደደው ካልጠሩት አይመጣም። ዝርዝሩ ካለቀ በኋላ በኮምፒውተሩ ውስጥ አስቀድሞ ያለው እየተቀነሰ፣ የጎደለው እየወረደ፣ በማንም የማይደገፈው መጀመሪያ፣ በሁሉ የሚደገፈው መጨረሻ ሆኖ ይጫናል። በዊንዶውስ ላይ የሚመጣው ተሰናድቶ ያለቀ ዚፕ ፋይል ነው፤ በሊኑክስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥሬው ጽሑፍ መጥቶ በዚያው ስለሚሰናዳ፣ እንደ አልግዲዛይን በሲ ቋንቋ የተጻፈ ክፍል ያለው ሲያጋጥም ኮምፓይለር የተባለው መሣሪያ ከሌለ ነገሩ እዚያው ይቆማል።

ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚሰናከልባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ መጫንና መጥራት የተለያዩ መሆናቸውን አለማወቅ ነው፤ መጫን አንድ ጊዜ ይበቃል፣ መጥራት ግን ፕሮግራሙ በተከፈተ ቁጥር ይደገማል፤ ይህን ያልተረዳ ሰው በየማለዳው ያንኑ ላይብረሪ ሲያወርድ ይከርማል፤ የዳታ ካርዱም ያልቃል። ሁለተኛው የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ጣጣ ነው፤ ዋናው ፎልደር በአስተዳዳሪ ተቆልፎ ስለሚገኝ፣ አር በዚህ መጻፍ አልችልም፣ የግል ፎልደር ልክፈትልህን ብሎ ይጠይቃል። አዎ ማለት ነው፤ ብዙ ሰው ግን እንግሊዝኛውን ሲያይ ደንግጦ አይሆንም ይላል።

ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ለምትርቀው ለሰቆጣ፣ ከዚህ ሁሉ የሚከፋው የኔትወርክ ነገር ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ዋግን ባጠቃ ጊዜ መብራቱም ስልኩም ተቋርጦ እንደነበር የአገሩ ሰው አይዘነጋውም። በደህናው ዘመንም ቢሆን መሥመሩ በወጣ በገባ ቁጥር፣ ከግማሽ ላይ የተቋረጠ ፋይል እንደገና ከመጀመሪያው ይጠየቃል። ስለዚህ ወደ ሰቆጣ የሚወጣ ባለሙያ ላይብረሪውን በፍላሽ ይዞ መሄዱ ብልህነት ነው፤ ብልህነቱ ግን ብዙ ጊዜ በእኩሌታ ይቀራል።

እኩሌታነቱ እንዲህ ነው። ሰውዬው በባሕር ዳር ወይም በወልድያ ተቀምጦ የአግሪኮላይን ዚፕ ብቻ አውርዶ ይሄዳል። ሰቆጣ ደርሶ ፍላሹን ሰክቶ ከፋይል ጫን ይላል፤ ኮምፒውተሩም በትክክል ተፈትቷል፣ ቁጥሩም ተመርምሮ ተስማምቷል የሚል የምሥራች ያሳየዋል። ደስ ብሎት ላይብረሪዋን ሲጠራት፣ አልግዲዛይን የሚባል ፓኬጅ የለም የሚል መልስ ይገጥመዋል። ከፋይል የሚጫን ነገር ጓዙን እንዲያስከትል አይጠየቅምና፣ አር ዚፑን መፍታቱን እንጂ ቤቱ መሙላቱን አላረጋገጠም። ከአራቱ ደጋፊዎች ማስ፣ ኤንኤልኤምኢና ክላስተር ከአር ከራሱ ጋር አብረው ስለሚመጡ የጎደለው ያ አንዱ ብቻ ነው፤ በመጠኑ ከአንድ የመዝሙር ቪዲዮ የሚያንስ ፋይል የአንድ ሳምንት ሥራ ያቆማል። በቀድሞዎቹ የአግሪኮላይ እትሞች ደግሞ ነገሩ ከዚህ ይብስ ነበር፤ ክላር እና ኤስፒዴፕ የተባሉትን ይጠሩ ስለነበር፣ እነዚያ ሁለቱ የየራሳቸውን ረጅም ተከታይ እየጎተቱ ይመጡ ነበር። ደራሲው በኋላ ሁለቱን መተዋቸው ለእንደ ሰቆጣ ያለ ቦታ ትልቅ ጸጋ ነው እላለሁ፤ ብዙ ማስከተል የማይወድ ላይብረሪ ለሩቅ አገር ሰው ከሁሉ የተመረጠ ነው።

ምሉእ የሆነው መንገድ ሌላ ነው። ኢንተርኔት ባለበት ቦታ፣ በሰቆጣ ካለው ኮምፒውተር ጋር በዊንዶውሱም በአር እትሙም የሚመሳሰል ኮምፒውተር ይመረጣል፤ ለ4.3 የተሰናዳው ዚፕ ለ4.4 አይታመንም፤ የዚህኛው ለዚያኛው እንዲሁ። ከዚያ የላይብረሪዋ ተከታይ እስከ መጨረሻው ትውልድ ድረስ ተዘርዝሮ እንዲወጣ አር ይታዘዛል፤ ይህን የሚያደርግ ትእዛዝ በቋንቋው ውስጥ አለ። ዝርዝሩ በሞላው ከወረደ በኋላ በክራን ሥርዓት በተደረደረ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል፣ ማውጫ ይጻፍለታል። አንድሪ ዴ ቭሪስ የደረሱት ሚኒክራን የተባለው ፓኬጅ ይህን ሁሉ አንድ ላይ ይሠራል። በሰቆጣ ላለው ኮምፒውተር የሚቀረው፣ ግምጃ ቤትህ በቪየና ያለው ሳይሆን ይህ ፎልደር ነው ብሎ ማመልከት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያችው አጭር ትእዛዝ እንደ ወትሮዋ ትሠራለች፣ ጓዙንም ራሷ ትሰበስባለች። አንድ ጊዜ የተሰናዳ ፎልደር ለአንድ ኮምፒውተር ብቻ አይደለም፤ የማዕከሉ ኮምፒውተሮች ሁሉ በየተራ ይመገቡበታል።

ቦታ ያልጎዳውን ላይብረሪ ዘመን ይጎዳዋል። ማስ እትም 7.3-61 ከአር 4.4.0 በታች በሆነ ኮምፒውተር ላይ አልጫንም ይላል፤ ስለዚህ ከብዙ ዓመት በፊት የተጫነ አር ያለበት መሥሪያ ቤት፣ ትናንት ይሠራ የነበረው ትእዛዝ ዛሬ እንቢ ሲለው ጥፋቱን በራሱ ላይ ይፈልጋል። የካርታ ሥራ የለመዱ ሰዎች ከዚህ የከበደ አይተዋል። በኖርዌይ በቤርገን ያስተማሩት ሮጀር ቢቫንድ ለብዙ ዓመት የጠበቋቸው አርጂዳል፣ አርጂኦስና ማፕቱልስ የተባሉት ሦስት ላይብረሪዎች፣ አስቀድሞ ከተነገረ ማስጠንቀቂያ በኋላ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ከክራን ወጥተው ወደ ማኅደር ገቡ፤ በእነርሱ ላይ ተመሥርቶ የአፈርና የተፋሰስ ካርታ ይሥል የነበረ አሮጌ ፕሮግራም ሁሉ እንደ አዲስ መጻፍ ግድ ሆነበት። በዚህ ደራሲውን ማማት አይገባም፤ አገልግሎታቸው ያለ ዋጋ ነበር፣ ሰውም ከሥራው ጡረታ ይወጣል። የሚታማው፣ የትኛውን ላይብረሪ በየትኛው እትም እንደተጠቀመ በወረቀት ያላሰፈረው ተጠቃሚ ነው። ሰሽን ኢንፎ የምትባለው የአር ትእዛዝ ይህን በአንድ ጊዜ ትነግራለች፤ አርኤንቭ የተባለው ላይብረሪ ደግሞ የእትሞቹን ዝርዝር በፋይል አሽጎ ያኖራል፣ ከዓመታት በኋላም ያንኑ ጉባኤ መልሶ ይሰበስባል፤ ክራን የቀደሙትን እትሞች በማኅደሩ ስለሚያኖር ይህ ባዶ ተስፋ አይደለም።

ከእርሻ ወደ ጤና ብንሻገር የጓዝ ነገር ይበልጥ ይሰወራል። የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የጤና ተቋማትን ወርኃዊ ሪፖርት የሚሰበስበው፣ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ በተሠራው ዲኤችአይኤስ 2 በተባለው ሥርዓት ነው። በሰቆጣ ከተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ጀምሮ እስከ ገጠሩ ጤና ጣቢያ ድረስ ሪፖርቱ የሚጻፈው በመስከረምና በጥቅምት፣ በእኛው አቆጣጠር ነው። ኖርዌጂያኖች የእኛን አቆጣጠር ከየት አመጡት? ሥርዓቱ የኢትዮጵያን ዘመን ሲያሰላ የተደገፈው ጆዳ ታይም በተባለው በእንግሊዛዊው በስቲቨን ኮልበርን የጃቫ ላይብረሪ ላይ ነው፤ ባሕረ ሐሳብን ያልተማሩት እኒህ ሰው፣ የዓለምን አቆጣጠሮች ሲሰበስቡ የእኛንም ከነዓሥራ ሦስት ወሩ አስገቡ። በኋላ እ.ኤ.አ. በ2014 የጃቫ ቋንቋ ራሱ የዘመን ስሌቱን በአዲስ ሥርዓት ሲያበጅ፣ የጃፓኑን፣ የታይላንዱን፣ የታይዋኑንና የሂጅራውን አቆጣጠር በውስጡ ሲያስገባ የኢትዮጵያውን አላስገባም፤ የኢትዮጵያው ስሪቴን ኤክስትራ በተባለ ተጨማሪ ላይብረሪ ውስጥ ቀረ። የጆዳ ታይም ጠባቂዎች ደግሞ ተጠቃሚ ሁሉ ወደ አዲሱ እንዲዛወር ይመክራሉ። እንግዲህ ይህን ምክር በቅንነት የተከተለ ፕሮግራም ጸሐፊ፣ ያችን ተጨማሪ ላይብረሪ ካልጫነ በቀር ጳጉሜንን ከእጁ ይጥላታል፤ ይህንንም ከማንም በፊት ሊያስተውል የሚገባው የጳጉሜን ባለቤት የሆነው ኢትዮጵያዊ ነው።

የእኛ ሰዎች በግምጃ ቤቱ ውስጥ ድርሻ የላቸውም ማለት ግን አይደለም። ዳንኤል ያዕቆብ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠርና የግዕዝን አኀዝ የሚያሰሉ ላይብረሪዎችን በፐርል ቋንቋ ደርሰው ሲፓን በተባለው የዚያ ቋንቋ ማኅደር አኑረዋል፤ ሰይድ ሙሄ ይማም በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሆነው የአማርኛን ዐረፍተ ነገርና ቃል የሚከፋፍል ኤኤምሴግ የተባለ የፓይተን ላይብረሪ አዘጋጅተዋል፤ ከውጭ ሰዎችም በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ማይክል ጋሰር የአማርኛን፣ የኦሮምኛንና የትግርኛን ግሥ የሚተነትነውን ሆርንሞርፎ ሠርተዋል። በዋግ ትምህርት ቤቶች በግዕዝ ፊደል እየተጻፈ የሚሰጠው ኽምጣና፣ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ እንደመሆኑ፣ እንዲህ ያለ ሠራተኛ ይጠብቃል። ለአገው ቋንቋዎች የሚያገለግለው ጘ የተባለው ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ከግዕዙ ጋር ስለገባ መሠረቱ ተጥሏል፤ በላዩ የሚያንጽ ሰው ሲነሣ ሥራውን በራሱ ኮምፒውተር ውስጥ ከማስቀረት ይልቅ፣ የሚደገፍበትን ሁሉ ዘርዝሮ በጋራው ግምጃ ቤት ያኑረው።

ስለ መታመን አንድ ነገር ሳልናገር ላልፍ አልችልም። ሌላው የሠራውን መጫን በሌላው ኅሊና መታመን ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2016 አንድ የቱርክ ተወላጅ ፕሮግራም ጸሐፊ ኤንፒኤም ከተባለው የላይብረሪ ግምጃ ቤት አስተዳዳሪዎች ጋር ተጣልቶ ሥራዎቹን ከዚያ ባነሣ ጊዜ፣ ከእነርሱ መካከል የነበረችው ሌፍትፓድ የተባለች የ11 መስመር ኮድ ስትጠፋ በብዙ ታላላቅ ኩባንያዎች ሥራ ታጎለ፤ ከዚያ በኋላ በዚያ ግምጃ ቤት እንዲህ ባለ መንገድ ማንሣት ተከለከለ። በማርች 2024 ደግሞ ኤክስዜድ በተባለው የፋይል መጭመቂያ ላይብረሪ ውስጥ፣ ራሱን ረዳት አስመስሎ ለዓመታት እምነት የገዛ ሰው ምሥጢራዊ የጓሮ በር እንደከፈተ፣ አንድሬስ ፍሮይንድ የተባሉ መሐንዲስ ኮምፒውተራቸው ከወትሮው በግማሽ ሰከንድ ያህል ስለዘገየባቸው መርምረው ደረሱበት። እንደ ክራን ያለው ግምጃ ቤት እያንዳንዱን ፓኬጅ ከመቀበሉ በፊት ይፈትሻል፤ ማንም እንደፈለገ የሚያስገባባቸው ሌሎች ግን አሉ፣ በእነርሱም ውስጥ ከታወቀው ላይብረሪ በአንድ ፊደል የሚለይ ስም ይዘው የሚያደቡ ወጥመዶች ተገኝተዋል። ስለዚህ ስሙን ከሚያውቁት ሰነድ ላይ አይቶ፣ ፊደሉን አስተካክሎ መጻፍ ከጥንቃቄዎች ሁሉ ቀዳሚው ነው፤ ከማይታወቅ ሰው ፍላሽ የተገኘ ላይብረሪ ደግሞ ከማይታወቅ ሰው እጅ ከተገኘ መድኃኒት አይሻልም።

እንግዲህ አቤቱታዬ ለሁለት ወገን ነው። በሰቆጣ ያሉት የምርምሩም የትምህርቱም ተቋማት፣ አንድ ኮምፒውተር ለዚሁ ተለይቶ፣ የሚገለገሉባቸው ላይብረሪዎች ከነጓዛቸውና ከነእትማቸው በአንድ ፎልደር እንዲቀመጡበት፣ ኃላፊም እንዲሾምለት፣ በዓመት አንድ ጊዜ፣ የመኸሩ መረጃ ከመግባቱ በፊት በጥቅምት እንዲታደስ ያድርጉ፤ ወጪው የአንድ ሃርድ ዲስክ ዋጋ ነው። ከባሕር ዳርም ሆነ ከአዲስ አበባ ወደ ዋግ የሚወጣው ባለሙያም፣ መንገድ ከመጀመሩ በፊት ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው ያውጣ፣ ኢንተርኔቱ በተዘጋበት ኮምፒውተር ላይ ጭኖና ጠርቶ ይፈትነው፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ፍላሹን ነቅሎ ይነሣ።